ሊኑክስን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ መጫን፦ ከፍላሹ እስከ ዋይፋዩ

ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። አመሻሽ ላይ ሰው ላፕቶፑን ይዞ ቤቴ ይመጣል። አስተማሪ ይመጣል፣ ተማሪ ይመጣል፣ ከብቸናና ከደምበጫ በሚኒባስ የሚልክልኝም አለ። የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «በጣም ይንቀራፈፋል፣ እስቲ ፎርማት አድርግልኝ»። ከፍቼ ሳየው ኮር አይ 3፣ 4 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን ማሽኖች አይቀበልም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉ ፕሮሰሰሮችንም በይፋ አይደግፍም። ማሽኑ ግን ገና ጤነኛ ነው። ኪቦርዱ ይሠራል፣ ስክሪኑ ንጹሕ ነው። እኔ ለእንዲህ ያለው ላፕቶፕ ሊኑክስን፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራውን ነፃ ሲስተም፣ እጭናለሁ።

ይህን የምጽፈው ራሳችሁ እንድትጭኑት ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሊኑክስ ሃርድ ዲስካችሁን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ ይነሣል። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን እዚያው መፈተን ይቻላል። ሳትፈትኑ አትጫኑ።

ይህን የተማርኩት በሰው ንብረት ነው። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን የአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፕ ላይ፣ ሳልፈትን፣ ዲስኩን አጥፍቼ ጫንኩ። ሥራው በሃያ ደቂቃ አለቀ። ስከፍተው ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። የዋይፋዩን ድራይቨር (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ዋይፋዩ መሥራት አለበት። ያን ማታ የስልኬም ዳታ አልነበረም። ልጅቷ በማግስቱ የምታስረክበው ጽሑፍ ነበራት። ከጓደኛዋ ላፕቶፕ ተውሳ ሌሊቱን ሙሉ እንደ አዲስ ጻፈችው። ከፍላሹ ላይ አምስት ደቂቃ ፈትኜ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስባትም ነበር። ስለዚህ ከታች ያለውን ስትከተሉ የፍተሻውን ክፍል እንዳትዘሉት እለምናችኋለሁ።

ሌላው፣ በዚህ መመሪያ ተርሚናል የሚባለውን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን ጥቁር መስኮት፣ አንከፍትም። ሁሉም በማውስ የሚሠራ ነው።

የትኛው ሊኑክስ?

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት ነው። ለጀማሪ ሊኑክስ ሚንትን እመክራለሁ። ከታች በግራ በኩል ሜኑ አለው፤ ዊንዶውስ የለመደ ሰው አይደናገርበትም። የተሠራው ኡቡንቱ በሚባለው ታዋቂ ሊኑክስ ላይ ስለሆነ ለኡቡንቱ የተጻፈ መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ ለሱም ይሠራል። ሚንት 22 እስከ 2029 ድረስ የደህንነት ማሻሻያ ያገኛል። ዋጋ የለውም፣ ክራክ አይፈልግም፣ «አክቲቬት አድርግ» እያለ አይነዘንዝም።

ሚንት በሦስት መልክ ይወጣል፤ ሲናመን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ ኤክስኤፍሲኢን ያዙ። 8 ጊጋ ካላችሁ ሲናመን ያምራል። ማቴ መካከለኛ ነው። ቢያንስ 2 ጊጋ ራምና 20 ጊጋ የዲስክ ቦታ ይጠይቃል። ግን 2 ጊጋ ላይ ክሮም ከፍቶ መሥራት ስቃይ ነው። በጣም አሮጌ ባለ 32 ቢት ማሽን ከሆነ ሚንት 22 አይጫንበትም፤ ለሱ የነበረው ኤልኤምዲኢ 6 የሚባለው የሚንት ዝርያ ነው፤ የሱም ድጋፍ አብቅቷል።

ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ኤስኤስዲ ለሚባለው ፈጣን ዲስክ አውሉት። አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ መክተት ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ ለውጥ ያመጣል።

ፋይሉን ማምጣት

የሚንት ፋይል ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል። በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ይጎዳል፤ መሀል ላይ ሲቆረጥ ደግሞ ያናድዳል። ባሕር ዳር ወይም ማርቆስ ጥሩ ዋይፋይ ያለው ወዳጅ ካላችሁ እሱን ጠይቁት። በቶረንት (ፋይልን ከብዙ ሰው ኮምፒውተር በቁርጥራጭ በሚያወርደው መንገድ) ቢወርድ ይሻላል። ኔትወርኩ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የወረደው ፋይል ትክክል መሆኑንም ራሱ ያረጋግጣል።

ፋይሉን ከሰው በፍላሽ የምትቀበሉ ከሆነ ግን መመርመር አለባችሁ። በሚንት ድረ ገጽ ላይ ከፋይሉ ጋር ሻ 256 የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ተቀምጧል። ዊንዶውስ ላይ ሰቨን ዚፕ ከተጫነ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ሲአርሲ ሻ» በሚለው ውስጥ ሻ 256ን ምረጡ። የሚወጣው ድርድር ከድረ ገጹ ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለየ ያ ፋይል ተበላሽቷል። ጣሉት። ከፍኖተ ሰላም እስከ ማርቆስ በአራት ሰው ፍላሽ የተላለፈ ፋይል ደርሶኝ ያውቃል፤ ተበላሽቶ ነበር የደረሰኝ።

ሌላ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ባዶ የሆነ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ፣ የስልክ ገመድ (ቻርጅ ብቻ የሚያደርገውን ሳይሆን ፋይል የሚያስተላልፈውን)፣ ቻርጀር፣ ከተገኘም የኔትወርክ ገመድ።

ዊንዶውሱን ማዘጋጀት

መጀመሪያ ፎቶአችሁን፣ ጽሑፋችሁን፣ ሰርተፍኬታችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ስህተት ከተሠራ በኋላ ፎቶ መመለስ አንዳንዴ ይቻላል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

ዊንዶውስን ጨርሶ የምታጠፉ ከሆነ የቀረውን ዝለሉትና ወደ ፍላሹ እለፉ። ሁለቱን ጎን ለጎን የምታስቀምጡ ከሆነ ግን ሦስት ነገር አለ።

አንደኛው ፋስት ስታርታፕ ነው። ዊንዶውስ ሲዘጋ በደንብ አይዘጋም፤ ቶሎ ለመነሣት ግማሽ እንቅልፍ ይተኛል። በዚህ ጊዜ ሊኑክስ የዊንዶውሱን ዲስክ ከፍቶ መጻፍ አይችልም። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ግቡ፤ የማጥፊያ ቁልፉ ምን እንደሚሠራ የሚወስነውን ክፍል ክፈቱና «ተርን ኦን ፋስት ስታርታፕ» ላይ ያለውን ምልክት አንሡ።

ሁለተኛው ቢትሎከር፣ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ ነው። ዲስኩ ተቆልፎ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። ይህን ሳታደርጉ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ) ውስጥ ምንም አትንኩ። ዊንዶውስ ሲነሣ ቁጥሩን ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ያኔ የምታገኙበት መንገድ ላይኖር ነው።

ሦስተኛው ቦታ መቀነስ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ክፈቱ፤ ሲ ዲስክን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ «ሽሪንክ ቮልዩም» በሉ። ለ50 ጊጋ 51200 ብላችሁ ጻፉ። የወጣውን ባዶ ቦታ ባዶውን ተዉት፣ ፎርማት አታድርጉት።

ፍላሹን መሥራት

ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ። ፍላሹን ሰኩ፣ ሩፈስን ክፈቱ፣ የሚንቱን ፋይል ምረጡለት፣ «ስታርት» በሉ። ጥያቄ ከጠየቃችሁ የሚመክረውን ተቀበሉ። ፍላሹ ላይ የነበረ ሁሉ ይጠፋል፤ የሠርግ ቪዲዮ ያለበትን ፍላሽ እንዳትሰጡት።

ከፍላሽ ማስነሣት

ላፕቶፑን አጥፉ። ስታበሩት የማስነሻ ሜኑ የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ንኩ። ኤችፒ ከሆነ ኢስኬፕ፣ ከዚያ ኤፍ 9። ዴል፣ ሌኖቮ እና ቶሺባ ኤፍ 12 ነው። አሱስ ኢስኬፕ ነው። ኤሰርም ኤፍ 12 ነው፤ ግን መጀመሪያ በኤፍ 2 ባዮስ ገብታችሁ «ኤፍ 12 ቡት ሜኑ» የሚለውን ማብራት ሊኖርባችሁ ይችላል። ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12 እምቢ ካለ አንዳንዱ ሞዴል ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ማሽኑን አጥፍታችሁ በስፒል ጫፍ ስትነኩት ሜኑው ይመጣል።

ፍላሹ በዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል። አንዱ ፊቱ ላይ «ዩኢኤፍአይ» የሚል አለው፤ አዲሱ የማስነሻ ዘዴ ነው። ዊንዶውስ 10 ከፋብሪካው ተጭኖበት የመጣ ማሽን ከሆነ እሱን ምረጡ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ የግራፊክስ ካርድ ጉዳይ ነው። እንደገና አስነሡና ከሚንት የመጀመሪያ ሜኑ ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጡ።

ፍተሻው

አሁን የሚንት ስክሪን ከፊታችሁ ነው። ዲስካችሁ አልተነካም። ከፍላሽ ስለሆነ ትንሽ ይዘገያል፤ ሲጫን እንዲህ አይሆንም። አትቸኩሉ። ቡና እየተፈላ ይህን ሥሩ።

ከታች በቀኝ ጥግ የኔትወርኩን ምልክት ንኩ። የዋይፋይ ስሞች ይታያሉ? ከታዩ አንዱ ጋር ተገናኙና ገጽ ክፈቱ። ከዚያ ከራውተሩ ራቁ፤ ሌላ ክፍል ግቡ። ሲግናሉ ወዲያው ከሞተ እሱን ጻፉ፤ መፍትሔውን ከታች አመጣዋለሁ።

ድምፅ ያለው ነገር አጫውቱ። ጆሮ ማዳመጫ ሰኩና ድምፁ ወደሱ መዞሩን እዩ። በፋየርፎክስ የቪዲዮ ጥሪ ገጽ ከፍታችሁ ካሜራውንና ማይኩን ፈትኑ። የብርሃን መቀነሻና መጨመሪያ ቁልፎቹን ንኩ። ታችፓዱን በሁለት ጣት ወደ ላይና ወደ ታች ጎትቱ። ብሉቱዙን ከስልካችሁ ጋር አገናኙ። በመጨረሻ ክዳኑን ዝጉት፣ ጥቂት ቆዩ፣ ክፈቱት። ነቅቶ ከተነሣ ደስ ይበላችሁ። ከእንቅልፍ መነሣት የሚያቅተው ላፕቶፕ በየጊዜው ይገጥመኛል፤ ተማሪ ሰው ክዳን እየዘጋ ክፍል ስለሚቀይር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሠራውንም ያልሠራውንም ወረቀት ላይ ጻፉ። ያልሠራው ዋይፋይ ብቻ ከሆነ መፍትሔ አለው። ያልሠራው ብዙ ከሆነ ፍላሹን ንቀሉና ማሽኑን እንደገና አስነሡ፤ ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ነው።

መጫን

ባትሪው ሞልቷል? ቻርጀሩ ተሰክቷል? ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት በማይሄድበት ሰዓት ጀምሩ። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር አትጀምሩ። ዲስክ እየተከፋፈለ መብራት ከሄደ ፋይልም ዊንዶውስም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ዴስክቶፑ ላይ ያለውን «ኢንስቶል ሊኑክስ ሚንት» ክፈቱ። ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ ኪቦርድ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ይሁን። አማርኛውን በኋላ እንጨምራለን። የመልቲሚድያ ኮዴክ (ቪዲዮና ሙዚቃ ለማጫወት የሚያስፈልገው) ይጫን ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኢንተርኔት ካላችሁ እሺ በሉት፤ ከሌላችሁ እለፉት፣ በኋላ ከሜኑ ይጫናል።

ሲኪዩር ቡት (ያልተፈቀደ ፕሮግራም ማሽኑ ሲነሣ እንዳይገባ የሚከለክለው) የበራበት ማሽን ከሆነ እዚህ ላይ የይለፍ ቃል ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ግን ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። «ኢንስቶል አሎንግሳይድ» የሚለው ዊንዶውስን አስቀምጦ ጎኑ ላይ ይጭናል። «ኢሬዝ ዲስክ» ሁሉን ያጠፋል። «ሰምቲንግ ኤልስ» ለሚያውቅ ሰው ነው። ዊንዶውስ እያላችሁ «አሎንግሳይድ» የሚለው ካልታየ ቀጥሉ እንዳትሉ። ወይ ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፏል፣ ወይ ፍላሹን ያስነሣችሁት ያለ ዩኢኤፍአይ ነው፣ ወይ ባዮስ ውስጥ ዲስኩ በኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ተይዟል። የመጨረሻውን ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር ሊኑክስን ያስደስታል፤ ነገር ግን ዊንዶውሱ መጀመሪያ በሴፍ ሞድ ካልተዘጋጀ አይነሣም። እዚያ ከደረሳችሁ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

የሰዓት ክልል ሲጠይቅ አዲስ አበባን ምረጡ። ስምና የይለፍ ቃል ስጡት። ከዚያ ተዉት ይሥራ። ሲጨርስ ሪስታርት በሉ፣ ፍላሹን ንቀሉ፣ ኢንተር ንኩ።

ያን የይለፍ ቃል የሰጣችሁ ካላችሁ አሁን ዓይናችሁን ከስክሪኑ አታንሡ። ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና «አንድ ቁልፍ ንካ» ይላል። አሥር ሰከንድ ብቻ ይጠብቃል። ንኩና «ኢንሮል ኤምኦኬ»፣ ቀጥሎ «ኮንቲንዩ»፣ ቀጥሎ «የስ» በሉ፤ የይለፍ ቃሉን ጻፉ፤ ሪቡት በሉ። ይህ ስክሪን ሳይነካ ካለፈ ማሽኑ ይነሣል፤ ግን አንዳንድ የዋይፋይና የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨሮች አይሠሩም። ሰው «ድራይቨሩን ጭኜዋለሁ እኮ፣ ለምን እምቢ አለኝ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለዚህች ሰማያዊ ስክሪን ነው።

ዋይፋዩ

ኢንቴል የዋይፋይ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከጅምሩ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው፤ ብሮድኮም እና አንዳንድ ሪልቴኮች። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከሜኑ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ክፈቱ፤ «ኔትወርክ» ከሚለው ጎን ስሙ ተጽፏል።

ብሮድኮም ከሆነ ድራይቨሩ የተለየ ፈቃድ ስላለው ከሊኑክስ ጋር አብሮ አይነሣም። ግን ያንኑ የሚንት ፍላሽ እንደገና ሰኩት። «ድራይቨር ማኔጀር» ክፈቱ። ኢንተርኔት ባይኖርም ድራይቨሩን ከፍላሹ ላይ ማግኘት ይችላል። ብሮድኮም የሚለውን ምረጡና «አፕላይ» በሉ፤ ሲጨርስ ሪስታርት አድርጉ። በዚያች ተማሪ ማታ ይህን ባውቅ ኖሮ መፍትሔው፣ ፍላሹ፣ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ፍላሹ ካልረዳ ስልካችሁ አለ። ስልኩን በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙ፤ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቴዘሪንግ ክፍል ገብታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩ። ሚንት እንደ ኔትወርክ ገመድ ቆጥሮ ወዲያው ይገናኛል። ስልኩ በዳታ ፋንታ በዋይፋይ ላይ ቢሆንም ያስተላልፋል። ስለዚህ የጎረቤት ዋይፋይ ካለ የዳታ ወጪ የለባችሁም።

አሁን ወደዚያ ሲግናሉ ወደሚሞተው ልመለስ። ራውተሩ አጠገብ ሆናችሁ ይሠራል፣ ሁለት ሜትር ስትርቁ ይጠፋል። ኤችፒ ላፕቶፕ ሆኖ ካርዱ ሪልቴክ 8723 ቢኢ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንቴናው ነው። ካርዱ ሁለት የአንቴና መሰኪያ አለው፤ ፋብሪካው የሰካው ገመድ ግን አንድ ነው። ድራይቨሩ ደግሞ ባዶውን መሰኪያ ያዳምጣል። አንድ የአስተማሪ ላፕቶፕ ከፍቼ ሳየው እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ካርዱ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ጫፉ ላይ ሁለት ወርቃማ ነጥቦች አሉ፤ አንዱ ላይ ቀጭን ጥቁር ገመድ ተሰክቷል፣ አንዱ ባዶ ነው። ባትሪውን አውጥቼ ገመዱን በጥፍሬ ቀስ ብዬ ወደ ላይ አነሣሁት፤ ባዶው ላይ አስቀምጬ ቀጭ እስኪል ተጫንኩት። ከዚያ ግቢው በር ድረስ ይዤው ሄድኩ፤ ሲግናሉ አልወረደም። ላፕቶፕ ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ጠጋኝ ጋ ውሰዱትና «አንቴናውን ወደ ሌላኛው መሰኪያ አዙርልኝ» በሉት።

ሌላው ዕቃ

ድምፅ ከሌለ ሳውንድ ሴቲንግ ግቡና አውትፑቱን እዩ። ብዙ ጊዜ ኤችዲኤምአይ ተመርጦ ይገኛል፤ ወደ ላፕቶፑ ስፒከር መልሱት። ታችፓዱ ሲነኩት ክሊክ ካላደረገ ማውስና ታችፓድ የሚለው ውስጥ «ታፕ ቱ ክሊክ» አብሩ። ኤንቪዲያ ካርድ ካለ ድራይቨር ማኔጀር ላይ «ሪኮመንድድ» ያለውን ብቻ ምረጡ።

ፕሪንተር ላይ የኤችፒዎቹ ነገር ቀላል ነው። ሰክታችሁ ስትጠብቁ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያውቀዋል። ትንንሾቹ የካኖን ሌዘሮች ግን ከካኖን ድረ ገጽ የሊኑክስ ድራይቨር ይፈልጋሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ ሰዎች ፕሪንተራችሁን ሳትፈትኑ ዊንዶውስ እንዳታጠፉ።

ማሻሻያ በተመለከተ፣ ሚንት ሳያስፈቅድ አያወርድም። ዝርዝሩን አድሶ «ይህ ይህ አለ» ይላችኋል፤ መቼ እንደሚወርድ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በዳታ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋይፋይ ያለበት ስትደርሱ አድሱት። ከዚያ በፊት ግን «ታይምሺፍት» ክፈቱና ሲስተሙን አንድ ጊዜ ያስቀምጥላችሁ። የሆነ ነገር ቢበላሽ ወደዚያ ቀን ትመልሱታላችሁ። የግል ፋይላችሁን ግን አያስቀምጥም፤ እሱን በሌላ ዲስክ ያዙ።

ሰዓቱ

ይህ ብዙ ሰው ያታልላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ከጫናችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ታገኙታላችሁ። ዕቃው አልተበላሸም። ሊኑክስ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ ደግሞ ያንኑ የአካባቢው ሰዓት ነው ብሎ ያነባል። የኛ አገር ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል፤ ልዩነቱ እሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ የቀንና ሰዓት ሴቲንግ ገብታችሁ «ሲንክ ናው» በሉት፣ ይስተካከላል።

ሌላው የኛው አቆጣጠር ነው። ጧት አንድ ሰዓት ሲሆን ላፕቶፑም አንድ ሰዓት እንዲል ብለው ሰዓቱን በ6 ወደኋላ የሚያዞሩ ሰዎች አሉ። ሊኑክስ ላይ ይህን አታድርጉ። ማሻሻያ ስታወርዱ «ይህ ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም» ይላችኋል፤ ለሱ ፋይሉ የተሠራው ገና ባልደረሰ ሰዓት ነው። ዓመቱን 2018 ብሎ መሙላት ደግሞ ይብሳል፤ አብዛኛው ድረ ገጽ «ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አይከፈትም። ላፕቶፑ በጠፋ ቁጥር ዓመቱ ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ውስጥ ያለችው ሳንቲም መሳይ ባትሪ አልቃለች። ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 ናት፤ በቀላሉ ትቀየራለች።

የፍላሽ ቫይረስ

ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ የማያውቅ የለም። ሊኑክስ ላይ አይሠራም። እንዲያውም የሰው ፋይል የማወጣው በሱ ነው። ፍላሹን ሰኩ፣ ኮንትሮልና ኤች አንድ ላይ ንኩ፤ የተደበቁ ፋይሎች ብቅ ይላሉ። አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ናቸው። ወደ ላፕቶፑ ገልብጧቸው፣ ሾርትከቶቹን ተዉአቸው፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉ። ባለፈው የአንድ መምህር የሙሉ ዓመት ማርክ በዚህ መንገድ ወጥቷል።

አማርኛ መጻፍ

«ሶፍትዌር ማኔጀር» ውስጥ አይባስ ኤም 17 ኤን (ibus-m17n) የሚለውን ፈልጋችሁ ጫኑ። ከዚያ «ኢንፑት ሜተድ» ክፈቱና አይባስን ምረጡ። ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ተመለሱ። በአይባስ ፕሪፈረንስ «አድ» ብላችሁ አማርኛን፣ ከሥሩም «ሴራ» የሚለውን ጨምሩ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ስፔስን አንድ ላይ ትነካላችሁ።

አጻጻፉ በድምፅ ነው። ኤስን (s) ስትነኩ ስ ይወጣል፤ ኢን (e) ስትጨምሩ ሰ ይሆናል፤ ዩን (u) ብትጨምሩ ሱ። በሺፍት ያለው ትልቁ ኢ ሴን ያመጣል። ትልቁ ቲ ጠ ነው፣ ትልቁ ሲ ጨ ነው፣ ትልቁ ኤስ ጸ ነው። ኤክስ ሸ ነው። አንድ ሳምንት ከጻፋችሁበት እጃችሁ ይለምደዋል።

ባለፈው ዓመት አንድ የቅኔ መምህር ቤቴ መጡ። ውጭ አገር ያለ ተማሪያቸው የላከላቸውን ላፕቶፕ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሰ ሲወጣ አዩና ዝም አሉ።

«ይኸ እሳቱ ሰ ነው። ንጉሡ ሠ የታለ?» አሉኝ።

«አለ፣ የኔታ። አነካኩ ይለያል እንጂ አለ» አልኳቸው፤ አወጣሁላቸው።

«ፀሐዩ ፀስ? ብዙኃኑ ኀስ?»

ሁሉንም አንድ በአንድ አወጣሁላቸው። ቅኔ ውስጥ አንዷ ፊደል ስትለወጥ ምሥጢሩም እንደሚለወጥ ያኔ ነው ከርሳቸው የሰማሁት። የፊደሎቹን አነካክ በወረቀት ጽፌ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩላቸው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ እስክትለምዱት ወረቀቱ ይጠቅማል።

ለመልኩ አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት ከሶፍትዌር ማኔጀር ጫኑ። የብራና ፊደል የሚመስል ነው፤ ለግዕዝ ጽሑፍ ያምራል። የዱሮ ጽሑፎች፣ ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች የተጻፉት፣ ሊብሬኦፊስ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። የተጻፉበትን ፎንት ከድሮው ኮምፒውተር ገልብጣችሁ «ሆም» በሚባለው የግል ፎልደራችሁ ውስጥ ባለው የፎንት ማስቀመጫ ክተቱት፤ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ማመልከቻ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ሊታተም ፎቶ ኮፒ ቤት ስትወስዱ ደግሞ መጀመሪያ ሊብሬኦፊስ ላይ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት። የወርድ ፋይሉን ብቻ ከወሰዳችሁ እዚያ ያለው ኮምፒውተር ላይ መስመሩም ገጹም ሊዛነፍ ይችላል።